የጓሳ ሥርዓት፤ በመንዝ የግጦሽ አጠባበቅ ታሪክና ለመኖ ራስን መቻል የሚሰጠው ትምህርት

ስለ እንስሳት ርባታ በሚደረጉ ስብሰባዎች ሁሉ አንድ ሐሳብ በተደጋጋሚ ይሰማል። ይኸውም የአገራችን ከብት፣ በግና ፍየል ብዛት እንጂ ምርት የላቸውም፤ ለዚህም ዋናው ምክንያት የመኖ እጥረት ነው የሚለው ነው። አባባሉ እውነት ነው። ነገር ግን ከዚህ ተነሥተን ወደ መፍትሔው ስንሄድ ዐይናችን አብዛኛውን ጊዜ የሚያርፈው ከውጭ በሚመጣ የሣር ዘር፣ ከፋብሪካ በሚወጣ መኖና በተዳቀለ ዝርያ ላይ ብቻ ነው። ሣሩ የማን ነው? መቼ ይታጨዳል? መቼስ ይከለከላል? ከልካዩስ ማን ነው? የሚሉት ጥያቄዎች የቴክኒክ ባለሙያ ጥያቄዎች አይደሉም ተብለው ይታለፋሉ። የሰሜን ሸዋ ደጋ ታሪክ ግን እነዚህ ጥያቄዎች ከዘሩም ከማዳበሪያውም እንደሚቀድሙ ያስተምራል። በመንዝ የሚገኘው የጓሳ ሣር ምድር ከ300 ዓመታት በላይ በሕዝብ ሕግ ሲጠበቅ የኖረ፣ ሕጉ በፈረሰ ጊዜ የተጎዳ፣ ሕዝቡ ራሱ ሌላ ሕግ ባቆመለት ጊዜም የተረፈ ሥፍራ ነውና። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የዚያን ሥርዓት አመሠራረት፣ አወዳደቅና አነሣሥ ለማኅበራችን አባላት አቅርቦ፣ በዛሬው ጊዜ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐ ቤቴ ለሚደረገው የመኖ ልማት፣ በተለይም ለወተት ፍየል ርባታ፣ ምን ትምህርት እንደሚገኝበት መመርመር ነው።

የአገሩ ጠባይ

መንዝ ከጥንት ጀምሮ ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር ተብሎ በሦስት የሚከፈል የደጋ አገር ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የሸዋን ሥርወ መንግሥት የመሠረቱት ነጋሢ ክርስቶስ ወረደ ቃል የተነሡትም ከዚሁ ከመንዝ ነው። አገሩ ብርድና ውርጭ የሚበረታበት፣ ዋነኛ እህሉ ገብስ፣ ዋነኛ እንስሳውም በግ የሆነ ነው። በላቱ የሰባና ጠጉሩ ሻካራ የሆነው የመንዝ በግ ሥጋ ከመስጠቱም በላይ ጠጉሩ ተፈትሎ ባና፣ ዝተትና በርኖስ ይሆናል። ገብስ በውርጭ ወይም በበልግ ዝናብ መቅረት በጠፋ ጊዜ ገበሬውን ከረኃብ የሚያወጣው ተሸጦ እህል የሚገዛበት ይኸው በግ ነው። ስለዚህ በመንዝ ሣር ማለት የእህል ዋስትና ማለት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ጓሳ የተባለው ሥፍራ በጌራ ምድር በምሥራቅ በኩል፣ ደጋው ወደ ቆላው ከመቆረጡ በፊት ባለው ከፍታ ላይ ይገኛል። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል፤ ስፋቱም ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ይገመታል። ስሙን ያገኘው በዚያ ከሚበቅለው ጓሳ ከተባለው ረጅምና ጠንካራ ሣር ነው። ከጓሳው ጋር አስታ፣ ጅብራ፣ ጨረንፌና በየረግረጉ የሚበቅለው ቸፌ ይገኛሉ። ከዚህ ከፍታ የሚወርደው ውሃ ከፊሉ ወደ ምዕራብ፣ በጀማ በኩል ወደ ዐባይ፣ ከፊሉ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አዋሽ ተፋሰስ ይሄዳል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮ ዛሬም ይኖሩበታል።

ለመንዝ ገበሬ የጓሳ ሣር ጥቅሙ ብዙ ነው። ቤት ይከደንበታል፤ ገመድ ይገመድበታል፤ ዝናብ መከላከያ ገሳ ይሠራበታል፤ በበጋ ደግሞ የከብትና የበግ መኖ ይሆናል። ጨረንፌውና አስታው ማገዶ ናቸው። አንድ መሬት ይህን ሁሉ ፍላጎት ሲያስተናግድ ኖሮ ሳይራቆት የቆየው እንዴት ነው? መልሱ ያለው ቀሮ በተባለው ሥርዓት ውስጥ ነው።

የቀሮ አመሠራረትና አሠራር

በአካባቢው እንደሚተረከው፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ወደ አገሩ የገቡት ሁለቱ አቅኚ አባቶች አስቦና ጌራ ይባላሉ። እነርሱም መሬቱን በፈረስ ግልቢያ ተካፈሉት፤ የጓሳንም ምድር ለእርሻ ሳይሆን ለግጦሽና ለሣር እንዲሆን ለይተው አስቀመጡት ይባላል። ትረካው እንደ ትረካ ይወሰድና፣ የሥርዓቱ መሠረት ግን ግልጽ ነው፤ እርሱም አጽመ ርስት ነው። ከአቅኚዎቹ መወለዱን የሚያስረዳ ሰው ሁሉ በጓሳ ላይ መብት ነበረው። ባለመብቶቹም እንደ አባቶቻቸው የአስቦና የጌራ ተብለው በሁለት ይከፈሉ ነበር፤ በውስጣቸውም በየአጥቢያ ቤተ ክርስቲያናቸው ይደራጃሉ።

እያንዳንዱ ወገን አፈሮ ወይም አባ ቀራ የሚባል አለቃ በስምምነት ይመርጣል። የአለቃው ዋና ሥራ መዝጋትና መክፈት ነው። ጓሳ በተዘጋ ጊዜ ማንም ሰው ከብት አያሰማራበትም፤ ሣር አያጭድበትም፤ እንጨትም አይለቅምበትም። ይህ መዘጋት ለአንድ ክረምት ብቻ አልነበረም፤ አንዳንድ ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት በተከታታይ ይቆይ ነበር። ሣሩ በደረሰ ወይም ድርቅ ሕዝቡን ባስጨነቀ ጊዜ፣ የሚከፈትበት ቀን በቤተ ክርስቲያን፣ በገበያና በለቅሶ ቦታ ይነገራል። የሚከፈተውም በበጋ ነው። በመጀመሪያ ሣሩ ይታጨዳል፤ ከዚያ በኋላ ከብቱ ይገባል። የክረምቱ ዝናብ ሲገባ ሥፍራው እንደገና ይዘጋል።

ጥበቃውም የሁሉም ግዴታ ነበር። አቅም ያለው አባወራ ተራውን ጠብቆ ከአለቃው ጋር ይዞራል፤ ከጥበቃ የቀረ ይቀጣል። ሕግ አፍርሶ የተገኘ ሰው ቅጣቱ ከባድ ነበር። ይገረፋል፤ ቤቱም እስከ መቃጠል ይደርሳል። ትኩስ የአንበሳ ወይም የነብር ቆዳ እንዲያመጣ ይፈረድበት እንደነበረም ይነገራል። እንዲህ ያለው ካሣ በተግባር የማይከፈል ስለሆነ፣ ትርጉሙ «ይህ ነገር አይሞከርም» ማለት ነው።

ሥርዓቱ በመሐንዲስ ዐይን

ይህን አሠራር በእኛ ሙያ ቋንቋ ብንገልጸው፣ ጓሳ የመኖ ግድብ ነበር። ግድብ የሚሠራው ውሃ በሚበዛበት ወራት ይዞ በሚያንስበት ወራት ለመልቀቅ ነው። ጓሳም በክረምት ያደገውን ሣር በሥሩ እንደቆመ ያከማቻል፤ በክፉ ዘመን ይለቀዋል። የግድቡ ግንብ የሕዝቡ ሕግ ነው፤ የግድቡ በር የአለቃው ዐዋጅ ነው፤ የውሃ ልኩም የሣሩ መድረስ ነው። የመስኖ ግድብ ሠርቶ በሩን ለመጣው ሁሉ ክፍት የሚተው መሐንዲስ እንደማይኖር ሁሉ፣ የግጦሽ መሬትንም ያለ በር መተው አይቻልም።

ከዚህም ሌላ ሦስት ነገሮች ልብ ሊባሉ ይገባል። አንደኛው፣ ሣሩ አብቦ ዘሩን እስኪጥል ድረስ ስለሚቆይ መሬቱ በየዘመኑ ራሱን ይዘራል። ያለማቋረጥ በሚጋጥ መሬት ላይ ግን እንስሳው አስቀድሞ የሚመርጠው ጣፋጩን ሣርና ማገጡን ነው። እነርሱ ዘር ሳይጥሉ ሲጠፉ መሬቱ እንስሳ ለማይነካው እሾህና መራራ ቅጠል ይለቀቃል። የግጦሽ ዕፀዋት ብዝኅነት የሚጠበቀው ዘር በመዝራት ብቻ ሳይሆን ጊዜ በመስጠትም ነው የምንለው ስለዚህ ነው። ሁለተኛው፣ ማጨድ ከመጋጥ መቅደሙ መኖው በኮቴ ተረግጦ እንዳይባክን ያደርጋል። ሦስተኛው፣ የመክፈቻው ቀን በቀን መቁጠሪያ ብቻ ሳይሆን በሣሩና በዘመኑ ሁኔታ መወሰኑ ሥርዓቱን ለድርቅ የሚታጠፍ አድርጎታል።

በውጭው ዓለምም ተመሳሳይ ምሳሌ አለ። በስዊዘርላንድ ተራራዎች በምትገኘው ቶርበል በተባለች መንደር የጋራ ግጦሹ ማኅበር ሰነድ እ.ኤ.አ. ከ1483 ጀምሮ ይገኛል። በ1517 የተጻፈው ደንብም ማንም ሰው በክረምት መቀለብ ከሚችለው በላይ ላም ወደ ጋራው ተራራ እንዳይልክ ይከለክላል። እ.ኤ.አ. በ1968 ጋሬት ሃርዲን የተባሉት አሜሪካዊ ሳይንቲስት የጋራ የሆነ ግጦሽ መጥፋቱ አይቀርም ብለው ጽፈው ነበር። ኤሊኖር ኦስትሮም ግን እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት መጽሐፍ ቶርበልን ከመሰሉ አገሮች ማስረጃ ሰብስበው፣ የሚጠፋው ሕግ የሌለው እንጂ ሕግ ያለው የጋራ ሀብት እንዳልሆነ አሳዩ፤ እ.ኤ.አ. በ2009ም የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። የመንዝ ሰዎች ይህን የተረዱት በተግባር ነበር።

ከ1967 ዓ.ም. በኋላ

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ያደረገው ዐዋጅ ወጣ። ዐዋጁ ለአንድ ቤተሰብ የሚሰጠውን መሬት ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ፤ በ800 ሄክታር ስፋት ላይም የገበሬ ማኅበራት እንዲቋቋሙ አዘዘ። በዚህ ምክንያት አጽመ ርስት ሲሻር በላዩ የቆመው ቀሮም አብሮት ወደቀ።

እዚህ ላይ ፍርዳችን ሚዛናዊ ሊሆን ይገባዋል። ቀሮ ሣሩን የጠበቀ ቢሆንም ሰውን ሁሉ እኩል አላየም። ከአቅኚዎቹ መወለዱን ማስረዳት ያልቻለው፣ ከሌላ አገር መጥቶ የሠፈረው፣ መሬት የሌለውም ጎረቤት ጓሳን ከሩቅ ያየው ነበር። ዐዋጁ ለእነዚህ ሰዎች በሩን ከፈተ፤ ይህም ተገቢ ነበር። ስሕተቱ የተፈጸመው ባለመብቱን በማብዛቱ ሳይሆን፣ የድሮው ጠባቂ በተነሣበት ቦታ አዲስ ጠባቂ ሳይተካ በመቅረቱ ነው። በሩ የተከፈተላቸው ሰዎች የገቡት መዝጊያ ወደሌለው ቤት ነበር። ሣሩ ሳይደርስ መታጨድ፣ ከብቱም በክረምትም በበጋም መግባት ጀመረ፤ ከዳር በኩልም እርሻ መግፋት ጀመረ። የ1977 ዓ.ም. ድርቅ ሰሜን ሸዋን ባገኘ ጊዜ የተራቆተ ግጦሽ ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም አየው።

የዚህ ታሪክ ትልቁ ቁም ነገር ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በጓሳ ዙሪያ ያሉት የገበሬ ማኅበራት የተሻረውን የዘር ሐረግ ትተው፣ የጥበቃውን ሐሳብ ግን ይዘው ተነሡ። ከየማኅበሩ በተመረጡ ሰዎች የጓሳ ጥበቃ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ አሠራሩም ሕዝቡ በሚያውቀው በዕድር መልክ ሆነ። ባለመብትነቱ በመወለድ መሆኑ ቀርቶ በነዋሪነት ሆነ፤ መክፈትና መዝጋቱ ግን እንደ ጥንቱ ቀጠለ። በ2000ዎቹ ዓመታት መጀመሪያም የአማራ ክልል መንግሥት ሥፍራውን በማኅበረሰብ የሚጠበቅ ክልል አድርጎ በሕግ አወቀው። ከ1998 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮም በጭላዳ ዝንጀሮ ላይ የሚደረግ ረጅም ጥናት በዚያው ይካሄዳል። መንግሥት ሲለወጥ ሥርዓቱ ስሙንና መሠረቱን ቀይሮ መትረፉ፣ ጥበቃውን ያቆመው የሕዝቡ ጥቅም እንጂ የአንድ ዘመን ሕግ ብቻ እንዳልነበረ ያረጋግጣል።

የምርምር ተቋማት ያበረከቱት

እ.ኤ.አ. በ1974 በአዲስ አበባ የተቋቋመውና በአጭር ስሙ ኢልካ የሚባለው ዓለም አቀፍ የአፍሪካ የቁም ከብት ማዕከል በደብረ ብርሃን የምርምር ጣቢያ ነበረው። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ካደረጋቸው ጥናቶች አንዱ የአገራችን ማገጦች ጥናት ነው። የኢትዮጵያ ደጋ ከሃያ በላይ የማገጥ ዐይነቶች የሚገኙበት አገር ነው፤ ከእነርሱም ውስጥ በሌላ አገር የማይገኙ አሉ። ጥናቱ እነዚህ ማገጦች በረግረግና በጥቁር አፈር ላይ ፎስፎረስ ሲያገኙ በብዛት እንደሚያድጉ አሳይቷል። ማገጥ ናይትሮጅንን ከአየር ስለሚወስድ አፈሩንም ይመግባል፤ የገለባውንም ጉድለት ይሞላል። ከዚህም ሌላ ማዕከሉ በበሬ የሚጎተት የአፈር መዛቂያ ሠርቶ ገበሬዎች የውሃ ኩሬ እንዲቆፍሩበት ሞክሯል። ይህ ለእኛ ሙያ ጥሩ አርአያ ነው። መሣሪያው የተነደፈው ገበሬው ባለው ኀይል፣ በበሬው፣ እንዲሠራ ነውና። ኢልካ እ.ኤ.አ. በ1994 ከሌላ ተቋም ጋር ተዋሕዶ ዛሬ ኢልሪ በሚባለው ተተክቷል።

በበግ ርባታ በኩልም ትምህርት የሚሆን ነገር አለ። ለብዙ ዓመታት ትኩረቱ የውጭ አውራ በግ አምጥቶ ማዳቀል ነበር። ትልቅ አካል ያለው ዲቃላ ግን ትልቅ ቀለብ ይፈልጋል፤ ቀለቡ ከሌለ በአገሬው በግ ላይ የሚኖረው ብልጫ ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በ2009 በመንዝ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የበግ ማሻሻያ ሥራ ይህን ተገንዝቦ፣ ብርዱንና የሣሩን ማነስ ከለመደው ከራሱ ከመንዝ በግ መካከል የተሻሉትን አውራዎች ገበሬው ራሱ መርጦ በጋራ እንዲጠቀምባቸው አድርጓል። የጋራ አውራና የጋራ ሣር በአንድ ዐይነት ስምምነት ይጠበቃሉ።

ስለ ወተት ፍየሎችና ስለ መኖ ሒሳብ

ከመንዝ ደጋ ወደ መርሐ ቤቴ ስንወርድ፣ ወደ ጀማና ወንጪት ሸለቆዎች፣ በጉ ለፍየሉ ቦታ ይለቃል። ፍየል ከሣር ይልቅ ቅጠል መራጭ ናት፤ ግራር፣ ወይራ፣ አጋምና ቀጋ ካገኘች በጥሩ ሁኔታ ትኖራለች። ወተቷ ጥቂት ቢሆንም ላም ለሌለው ቤት ሕፃናት ትልቅ ነገር ነው። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻና በ1990ዎቹ ፋርም አፍሪካ የተባለው ድርጅት በሐረርጌና በደቡብ የአገራችን ክፍሎች ለድኻ ሴቶች ፍየሎችን በብድር ሲሰጥ፣ ከአገሬው ፍየል ጋር አንግሎ ኑቢያን የተባለውን ዝርያ ሲያዳቅል፣ በጓሮና በእርከን ላይ መኖ ማብቀልን የሥራው አንድ ክፍል ያደረገው ያለ ምክንያት አልነበረም። መኖ ያልተዘጋጀለት የወተት ዝርያ ለባለቤቱ ዕዳ ነው።

አንድ ቤተሰብ በመኖ ራሱን ችሏል የሚባለው መቼ ነው? ሒሳቡን በምሳሌ እንየው። 30 ኪሎ ግራም የምትመዝን ወተት ሰጪ ፍየል በቀን የክብደቷን 4 በመቶ ያህል ደረቅ መኖ ትበላለች ብንል፣ 1.2 ኪሎ ግራም ይሆናል። አምስት ፍየሎች ያሉት ሰው ለስምንቱ የበጋ ወራት፣ ማለትም ለ240 ቀናት፣ 1,440 ኪሎ ግራም ወይም ከ14 ኩንታል በላይ ያስፈልገዋል። አንድ ሜትር ኩብ የተከመረ ድርቆሽ 75 ኪሎ ግራም ይመዝናል ብንል፣ ክምሩ 19 ሜትር ኩብ ያህል ይሆናል። ይህም ሦስት ሜትር በሦስት ሜትር የሆነች፣ ቁመቷ ከሁለት ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ጎጆ ማለት ነው። ስለዚህ ነገሩ ገበሬው በጭቃና በጓሳ ክዳን ሊሠራው ከሚችለው የሚያልፍ አይደለም፤ የሚጠይቀው ዝናብ እንዳይገባበት ከመሬት ከፍ ያለ ወለልና ጥሩ ክዳን ብቻ ነው።

ብዛቱ ብቻ ግን አይበቃም። የገብስ ገለባ የፕሮቲን መጠን 4 በመቶ ገደማ ነው። በእንስሳዋ ጨጓራ ያሉት ጥቃቅን ሕዋሳት ሥራቸውን በሚገባ ለመሥራት ቢያንስ 7 በመቶ ይፈልጋሉ፤ ከዚያ በታች ከሆነ እንስሳዋ ሆዷ ሞልቶ ትከሳለች። ትሪ ሉሰርን የተባለው ከካናሪ ደሴቶች የመጣ ዛፍ ከ2,000 ሜትር በላይ ባለው ደጋ ይስማማዋል፤ ቅጠሉም 20 በመቶ ያህል ፕሮቲን አለው። ሦስት እጅ ደረቅ ቅጠልና አምስት እጅ ገለባ ቢደባለቁ የድብልቁ ፕሮቲን 10 በመቶ ይደርሳል። በመርሐ ቤቴ ቆላ ደግሞ የዚህን ቦታ ሰስባንያ፣ የርግብ አተርና ላብላብ ሊይዙ ይችላሉ። በየእርከኑ ጠርዝ ሲተከሉ አፈሩንም ይይዛሉ። እዚህም ላይ የብዝኅነት ትርጉም ይታያል። ሣሩ ኀይል ይሰጣል፤ ማገጡና የዛፉ ቅጠል ፕሮቲን ይሰጣሉ፤ ሥሩ ጥልቅ የሆነው ዛፍም ሣሩ በደረቀበት ወር ለምለም ሆኖ ይቆያል። በአንድ የሣር ዘር ብቻ የተሸፈነ ማሳ ግን አንድ ተባይ ወይም አንድ ድርቅ ሲመጣ ባለቤቱን ባዶ እጁን ያስቀረዋል።

ነገር ግን እርከን ላይ የተተከለ ችግኝ የጎረቤት ፍየል ከበላው ይህ ሁሉ ስሌት ከንቱ ነው። አዝመራው እንደተነሣ ከብት በየማሳው በሚለቀቅበት ልማድ ውስጥ አንድ ገበሬ ብቻውን የመኖ ዛፍ ሊያሳድግ አይችልም። መንደሩ በአንድነት መቼ እንደሚለቀቅና መቼ እንደሚከለከል መወሰን አለበት። ከዘሩና ከስሌቱ በኋላ የምንደርስበት ጥያቄ እንግዲህ አስቦና ጌራ የተነሡበት ያው ጥያቄ ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ ከተገለጸው ለሙያችን ሦስት ተግባሮች ይከተላሉ። በመጀመሪያ፣ የመኖ ልማት ዕቅድ ስንነድፍ ከዘር ዝርዝሩና ከወጪ ግምቱ ጋር የመዝጊያና የመክፈቻ ደንብ፣ ጠባቂና የሕዝብ ስምምነት መኖሩን እንደ አንድ የግንባታ ክፍል ቆጥረን እንጠይቅ። ሁለተኛ፣ በጓሳና በመሰሉት ሥፍራዎች የሚያልፉ መንገዶችን ስንሠራ ቸፌው እንዳይደርቅ የውሃ ማሳለፊያውን እናብዛ፤ የድንጋይና የአፈር መውሰጃ ጉድጓዶችንም ከሣሩ ውጭ እናድርግ። በአንድ ቦይ የደረቀ ረግረግ በብዙ ትውልድ አይመለስምና። ሦስተኛ፣ የኩሬን፣ የድርቆሽ ጎጆንና የእርከንን ንድፍ ገበሬው ባለው መሣሪያና ቁሳቁስ ልክ እናዘጋጅ።

የመንዝ አባቶች የነበራቸው ምርምር ጣቢያ ሳይሆን ትዕግሥትና ስምምነት ነበር። የእኛ ትውልድ ደግሞ ዕውቀቱና መሣሪያው አለው። ከእነርሱ የምንወርሰው የቤት ማቃጠሉን ቅጣት ወይም የዘር ሐረጉን ወሰን አይደለም፤ ለዛሬ የሚበላውን ሣር ለነገ ማቆየት የሚቻለው ሁሉም ተስማምቶ ሲጠብቀው ብቻ መሆኑን ማወቃቸውን ነው። ጓሳ ዛሬም ይዘጋል፤ ይከፈታልም። በሌሎቹ የደጋና የቆላ ቀበሌዎች ይህን የመሰለ በር ተሠርቶ ቢገኝ፣ የምርምር ማዕከላቱ ዘርና የእኛ ንድፍ የሚያርፉበት መሬት አገኙ ማለት ነው።